ሽማግሌ ሊመጣ ሲል ያስነጣሁት ጥርስ

ጫት ቅሜ አላውቅም። ሲጋራም ወደ አፌ አስጠግቼ አላውቅም። ይሄን ገና ከመነሻው የምናገረው፣ የጥርሴን ጉዳይ ስትሰሙ እናንተም እንደ ሌላው ሰው በሆዳችሁ «ሰውዬው ይቅማል» እንዳትሉ ነው። ጥርሴ ቡናማ ነው። ነበር ልበል መሰለኝ። የበለዘውም መቂ ተወልጄ፣ የመቂን የጉድጓድ ውሃ ጠጥቼ ስላደግኩ ነው። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ያደገ ሰው ጥርሱ ከድዱ ብቅ ሲል ጀምሮ ቀለሙን ይዞ ነው የሚወጣው። የተማሩት ሰዎች ውሃው ውስጥ ፍሎራይድ የሚባል ነገር በዝቶ ነው ይላሉ። እኛ ልጆች ሳለን ግን በጥርሱ የሚያፍር አልነበረም፤ ሁላችንም አንድ ዓይነት ነበርና። እንዲያውም ለክረምት እረፍት ከአዲስ አበባ የሚመጣ ነጭ ጥርስ ያለው ልጅ ነበር ግር የሚለን።

ኮልፌ ከገባሁ ሃያ ሰባት ዓመት ሊሞላኝ ነው። አጠና ተራ ውስጥ አልጋና ቁምሳጥን የምሠራበት ቤት አለኝ። በዚህ ከተማ ቡናማ ጥርስ ማለት ጫት ማለት ነው፤ ይግባኝ የለውም። ሰው መጀመሪያ ጥርሴን ያያል፣ ቀጥሎ ጉንጬ ውስጥ የተወጠረ ነገር ካለ ብሎ ጉንጬን ያያል። አንዱ ደንበኛ አልጋ ሊያሠራ መጥቶ ቀን ስንቆርጥ፣ «ከሰዓት በኋላ አልመጣም፤ ያው ፕሮግራም ይኖርዎታል» አለኝ። ምን ፕሮግራም? እኔ ከሰዓት በኋላ ያለኝ ፕሮግራም ዙህር ሰግጄ ተመልሼ ጣውላ መላግ ነው።

ልጄ ሀያትም ጥርሷ እንደኔ ነው። እናቷ ነጃት የኮልፌ ልጅ ስለሆነች ጥርሷ ወተት ነው። ሀያት ግን እስከ ስምንት ዓመቷ መቂ አያቷ ዘንድ አደገች፤ ስትመጣ ጥርሷ የኔን መስሎ መጣ። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ሳለች «አባ፣ ጥርሴን ላስነጣ» ብላ ጠይቃኝ ነበር። አስቀምጬ አንድ ሰዓት ሙሉ ንግግር አደረግኩላት። ይሄ የአገርሽ ውሃ ነው፣ የአባትሽ ጥርስ ነው፣ ማፈር ያለበት የሰው ጥርስ ሲቆጥር የሚውል ሰው ነው፣ አፍሽን ሞልተሽ ሳቂ አልኳት። ልጅቷም ሰማችኝ። ከዚያ ወዲህ እንደ ሀያት አፉን ሞልቶ የሚስቅ ሰው ሰፈራችን ውስጥ የለም፤ እሷ ስትስቅ ሦስተኛው ቤት ድረስ ይሰማል። በዚያ ንግግሬ ስኮራ ነው የኖርኩት።

አሁን ሀያት መምህርት ናት። አንዋር የሚባል ሥርዓት ያለው ልጅ ወደዳት፣ ወደደችው፣ ሽማግሌ ሊልክም ሆነ። ቀኑ ለእሁድ ተቆረጠ። እዚህ ድረስ ሁሉም ነገር አልሀምዱሊላህ ነበር። የተበላሸው የአንዋር አክስት ቁምሳጥን የምታሠራ መስላ ሱቄ የመጣች ዕለት ነው። መምጣቷ አልከፋኝም፤ ቤተሰብ ማጣራት የነበረ ነው። እኔም ብሆን አንዋርን አጣርቻለሁ፤ ጁምዓ ስንተኛው ረድፍ ላይ እንደሚሰግድ ሳይቀር አውቃለሁ። የከፋኝ ከኔ ዘንድ ወጥታ ጎረቤቴ ሰዒድ ሱቅ ገብታ የጠየቀችው ነው። ሰዒድ ሚስማርና ኮላ ይሸጣል። «አባትየው ይቅማል እንዴ?» አለችው። ይሄን ሲነግረኝ ደረቱን ነፍቶ ነው፤ ለካ ተከራክሮልኛል። «ኧረ እሱ የለየለት ቃሚ አይደለም፣ ቢቅምም አልፎ አልፎ ነው አልኳት» አለኝ። ሀያ ዓመት ጎን ለጎን ስንሠራ አንድ ቀን እንኳ ቅጠል በእጄ አይቶ የማያውቅ ሰው ነው እንግዲህ ጠበቃዬ።

ያን ቀን እጄ ሥራ አልያዘልኝም። እሁድ አራት ሽማግሌ ሳሎኔ ገብቶ ፊት ለፊቴ ይቀመጣል። አፌን ከፍቼ «እንኳን ደህና መጣችሁ» ስል ያዩኛል። ከዚያ በዓይን ይጠቃቀሱና የቃሚ ልጅ አንወስድም ብለው ይሄዳሉ። ሀያት በኔ አፍ ምክንያት እድሏ ሊሰበር ነው። ይሄ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለ፤ እውነቱን ለመናገር ፈራሁ።

መጀመሪያ በራሴ ሞከርኩ። ከሰል ደቁሼ ፋቅኩበት፣ ሎሚ አሸሁበት፣ ሎሚውን በጨው ደገምኩት። ስልክ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ይሄን አድርግ ይላል፤ ድዱ ሲላጥ ምን እንደሚደረግ የሚናገር ግን አንድ የለም። ሳምንቱ ሲያልቅ ጥርሴ እንዳለ ቡናማ ነው፤ የተለወጠው ድዴ ነው፣ በርበሬ መስሏል። እኔ ዕድሜ ልኬን ዋንዛ በብርጭቆ ወረቀት ሳለሰልስ የኖርኩ ሰው፣ የገዛ አፌን በከሰል ስሞርድ አለማፈሬ ይገርመኛል።

ስለዚህ ዓርብ ዕለት የጥርስ ክሊኒክ ሄድኩ። አጠና ተራ አካባቢ ክሊኒክ ጠፍቶ አይደለም። የሚያውቀኝ ሰው እንዳያየኝ ብዬ ሁለት ታክሲ ቀያይሬ እስከ ሳንሱሲ ድረስ ተጓዝኩ። ፎቁን ወጥቼ በሩን ስከፍት መጀመሪያ ያየሁት ሰው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ባለፈው ዓመት ትልቁን ቁምሳጥን የሠራሁላት ደንበኛዬ ወይዘሮ። መንጋጋዋን ይዛ ተቀምጣለች። ይህች ሴት ቁምሳጥኑን ስትረከብ በሩን እያንኳኳች «ችፑድ የለበትም አይደል?» ብላ ሦስት ጊዜ የጠየቀች ናት። እኔም ሦስት ጊዜ ደረቴን መትቼ «እኔ ቤት የውሸት እንጨት አይገባም» ብያታለሁ። አሁን ከጎኗ ካለው ወንበር በቀር ባዶ ቦታ የለም።

ልብ ብላችሁ ስሙኝ፤ የጥፋቱ ሁሉ ሥር ያለው እዚህ ላይ ነው። ክሊኒኩ ውስጥ ቅጽ አለ። ታካሚ የምትቀበለው ልጅ ቅጹን ሰጥታ አርፋ ብትቀመጥ ጥሩ ነበር፤ እሷ ግን አንገቷን ሳታቀና፣ እንደ ስም ጠሪ ድምጿን ከፍ አድርጋ ራሷ ታነባለች። የስኳር ሕመም አለብዎት? እርጉዝ ነዎት? ጥርስዎን ቀዝቃዛ ነገር ሲነካው ያምዎታል? ሰው ሁሉ ያዳምጣል። እርጉዝ አለመሆኔን በክብር መለስኩ። ቀጥላ «ሰው ሠራሽ ጥርስ ወይም ሽፋን የተደረገለት ጥርስ አለዎት?» አለች። ደንበኛዬ መንጋጋዋን እንደያዘች ወደ እኔ ዞረች።

አለኝ። ከፊት፣ ከላይ በቀኝ በኩል አንድ ጥርስ የኔ አይደለም። በሃያ አራት ዓመቴ መጋዝ ላይ የነበረ ጣውላ ተፈናጥሮ ሰብሮብኝ፣ ናዝሬት አንድ ሽማግሌ የጥርስ ሠራተኛ ሠራልኝ። ያ ሰውዬ አላህ ይዘንለትና ባለሙያ ነበር። ቡናማውን ቀለም ከሌሎቹ ጋር ለማመሳሰል ሦስት ጊዜ አመላልሶኛል፤ ጎኑ ላይ ያለችውን ጠቃጠቆ ሳይቀር አስመስሎ ሠርቶታል። ከሁለት ዓመት በኋላ ነጃትን ሳገባ አልነገርኳትም። መጀመሪያ አፈርኩ፣ ኋላ ደግሞ ረሳሁት። ሃያ ስድስት ዓመት አንድ ትሪ ላይ ስንበላ የማታውቀውን ነገር ለዚህች ችፑድ ፈላጊ ሴትዮ ልናገር ነው? «የለኝም» አልኩ፤ ድምፄም ቆጣ ያለ ነበር።

ዶክተሩ ወጣት ነው፣ ሲናገር ረጋ ይላል፤ ያ እርጋታው ራሱ አናደደኝ። አፌን አየ። ይሄ ከውሃ የመጣ ነው፣ ከላይ የተለጠፈ ሳይሆን ጥርሱ ውስጥ የገባ ቀለም ነው አለኝ። አንድ ጊዜ ተሠርቶ አያልቅም፣ ምናልባት ሦስት አራት ጊዜ መመላለስ ይኖርብዎታል፣ ድዱም ቆስሏልና መጀመሪያ እሱ ይዳን፣ ጥርሱም ቀድሞ ይታጠብ አለ። ለመቼ እንደፈለግኩት ጠየቀኝ። ለእሁድ አልኩት። የትኛው እሁድ አለኝ። የዛሬ ሁለት ቀን የሚውለው አልኩት። እኔ እኮ ለደንበኞቼ እንጨት ሳይደርቅ አይሠራም፣ ታገሱ እያልኩ ስገስጽ የምውል ሰው ነኝ። ቆይቶ ያንን የፊት ጥርስ በብረቱ ኳ ኳ አደረገና «ጋሼ፣ ይቺ ተሠርታ ነው?» አለኝ። በሩ ገርበብ ብሏል፣ ሴትዮዋ ውጭ ናት። የራሴ ናት አልኩት። ትንሽ አየኝና የሆነ ነገር ጻፈ። ልጅ ሆዬ ካወቅክ ለምን አትሞግተኝም? ሐኪም እኮ ነህ።

ድዱን ተወው፣ ራሴ እችለዋለሁ ብዬ ለምኜ ተቀመጥኩለት። የፕላስቲክ ነገር ከንፈሬ ውስጥ ከቶ አፌን በአራቱም ማዕዘን ወጠረው። ድዴን የሚደርቅ ነገር ቀባው። ጥርሴ ላይ መድኃኒት ለቀለቀ፣ ሰማያዊ መብራት ደቀነብኝ። ከዚያ ለአንድ ሰዓት ያህል ምራቅ አልውጥም፣ አልናገርም፣ እሱ ግን ስለ ኑሮ ይጠይቀኛል። ስንት ልጅ አለዎት? አ። ሥራዎ ምንድነው? አ አ። መሐል ላይ አንድ ነገር ከጥርሴ ተነስቶ እስከ ጆሮዬ እንደ ኤሌክትሪክ ነዘረኝ። ይሄ የተለመደ ነው አለ። ለማን ነው የተለመደው?

በመጨረሻ መስታወት ሰጠኝ። የታችኞቹ ጥርሶች ነጣ ብለዋል፤ ነጣ ሲሉም እኩል አይደለም፣ አንድ እጅ ኖራ የተቀባ ግድግዳ ይመስላሉ፣ እዚህም እዚያም ጎላ ያለ ነጭ ነጠብጣብ አለባቸው። የላይኞቹም እንደዚያው። ከመካከላቸው አንዱ ብቻ፣ የናዝሬቱ ሽማግሌ ሥራ፣ ያችን ጠቃጠቆዋን ይዞ ቡናማ እንደሆነ ቁጭ ብሏል። ያ ሰውዬ የሠራው ነገር በመድኃኒትም አይለቅም። አፌ ሁሉ ቡናማ ሳለ ማንም ያልለየው ጥርስ አሁን ከመንገድ ማዶ ይታያል።

«ይሄኛው ለምን ቀረ?» ብዬ ዶክተሩ ላይ ጮኽኩበት። እሱም በዚያው እርጋታው «መድኃኒቱ የሚሠራው በራስዎ ጥርስ ላይ ብቻ ነው። የተሠራ ጥርስ አይነጣም። ለዚህ ነው የጠየቅንዎት» አለኝ። ቅጹን አወጣ፣ የፈረምኩበትን አሳየኝ። ሌላ ሽፋን እንሠራለን፣ ሌሎቹ ቀለማቸውን እስኪይዙ ግን ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይቆያል አለ። እሁድ ሽማግሌ ይመጣል አልኩት። እንኳን ደስ አለዎት አለኝ።

ቀጥሎ የሚከለከለውን ዘረዘረልኝ። ለሁለት ቀን ቡና የለም፣ ሻይ የለም፣ በርበሬ የለም፣ እርድ የለም፣ ቀይ ስር የለም። ነጭ ምግብ ብቻ። ይሄን ለኢትዮጵያዊ ሰው መንገር ማለት ሁለት ቀን ጹም ማለት ነው። ሩዝ፣ ወተት፣ ነጭ ዳቦ። ቀዝቃዛ ነገርም እንዳልጠጣ አስጠነቀቀኝ፣ ቢያምዎት ይደውሉልኝ ብሎ የራሱን ስልክ ጻፈልኝ።

ያልነገረኝ ነፋስንም እንዳልነካ ነው። በዚህ ከተማ ታክሲ ውስጥ መስኮት የሚከፍት ሰው እንደ ወንጀለኛ ነው የሚታየው፤ ሁሉም ሰው ብርድ ይመታኛል ብሎ ይጮኻል። የዚያን ቀን ግን ተሳፋሪው ሁሉ ሙቀት ጠንቶበት መስኮቱን ከዳር እስከ ዳር ከፈተው። ዝጉልኝ ልል አፌን ስከፍት ነፋሱ ገብቶ እያንዳንዱን ጥርሴን ለየብቻው መታው። ከዚያ በኋላ እስከ አጠና ተራ አፌን በእጄ ይዤ ተጓዝኩ።

ቤት ማስክ አድርጌ ገባሁ፤ ጉንፋን ይዞኛል አልኩ። ነጃት ዝንጅብል በሻይ አፍልታ መጣች፤ አልጠጣም አልኩ። ቀይ መረቅ ሠራች፤ እምቢ አልኩ። ጀርባዬን ሰጥቻት ሩዝ በወተት ስበላ ትንሽ ቆማ ስታየኝ ቆየችና፣ ነጭ ነጭ የሚያማርጥ ጉንፋን አይቼ አላውቅም ብላ ሄደች። እኔን ያስጨነቀችኝ ግን ሀያት ናት። ቅዳሜ ከሰዓት አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። ሰሞኑን ዝም ብለሃል፣ ፊትህንም ትሸፍናለህ፣ አንዋርን ካልፈለግከው አሁኑኑ ንገረኝ አለችኝ። ፈልጌዋለሁ አልኳት ከማስኩ ውስጥ። ድምፄ ግን ከበርሜል ውስጥ የሚወጣ ነው የሚመስለው፤ እንዳላመነችኝ አየሁ። ያኔ ማስኩን አውልቄ ባሳያት ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። አላደረግኩትም፣ አፈርኩ።

እሁድ ጠዋት ነጃት ሽማግሌ ፊት ማስክ አድርገህ ልትቀመጥ ነው ወይ ብላ ቀማችኝ። የቀረኝ እጄ ነው። አፌን በእጄ ሸፍኜ በር ላይ ተቀበልኳቸው። አራት ናቸው። መሪያቸው ጢማቸውን ሂና የተቀቡ ሀጂ ሙዘይን የሚባሉ አዛውንት ናቸው። እንደ ደንቡ ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም ብለው ቆሙ፣ እንደ ደንቡ ለምነን አስቀመጥናቸው። አንዋርን ልጃችሁ አድርጉት፣ ሀያትን ልጃችን አድርጉልን ብለው ጠየቁ። እኔም እንደ ደንቡ አስበን እንነግራችኋለን አልኩ።

እንግዲህ ይሄ መልስ እንዴት እንደሚሠራ ታውቃላችሁ። አባት ፈገግ ብሎ «እናስብበት» ሲል ሽማግሌ ይደሰታል፤ ሰጥቻለሁ ማለት ነው። ፊቱን ከስክሶ «እናስብበት» ሲል ደግሞ ጫማችሁን አድርጉ ማለት ነው። እኔ አፌን ሸፍኜ፣ ግንባሬን ቋጥሬ፣ ቃሉን በጣቶቼ መሐል ነው ያወጣሁት። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ነጃት ቶሎ ብላ ትሪውን አቀረበች፣ ቀይ ወጥ፣ ከዳር በኩል ነጭ ዳቦ። ሀጂ ሙዘይን አባትየው አብረውን ከቆረሱ እንቀምሳለን አሉ። ቆረስኩ። ደረቅ ዳቦ ቆረስኩ፣ ሳላጠቅስ በእጄ ከለላ ስር ወደ አፌ አስገባሁ። የዶክተሩ ሁለት ቀን ሊሞላ ገና ሰዓታት ይቀረዋል።

ሀጂ አዩኝ። ከዚያ እንጀራውን ቆረሱ፣ ቀዩን ወጥ ጠቅለል አደረጉና ትልቅ ጉርሻ ይዘው ወደ እኔ ዘረጉ።

«እንግዲህ የርስዎን ልብ ማወቅ አቃተን» አሉኝ። «ይሄን ከእጄ ከተቀበሉኝ ልጅቷን ሰጥተውናል። ካልተቀበሉኝ ደግሞ ተነስተን እንሄዳለን፣ ቂም የለም።»

ነጃት ትሪው ጎን ቆማ በዓይኗ ልትበላኝ ደርሳለች። በውስጥ በር መጋረጃ ስር የሀያት እግሮች ይታዩኛል፣ አውራ ጣቷን አጥፋ ትዘረጋለች። ይሄን ሁሉ ያደረግኩት የልጄ እድል እንዳይሰበር ብዬ አልነበረም? እጄን አወረድኩ። አፌን እስከ መጨረሻው ከፈትኩ።

የሀጂ እጅ አየር ላይ ቆመ። ወደ አፌ ጠጋ ብለው አዩ። ጎናቸው ያሉት ሽማግሌም መነጽራቸውን አድርገው አዩ። ከዚያ ጉርሻው ገባ፤ ቃጠሎው እንባዬን አመጣው። እንባዬን እየጠረግኩ ሁሉንም ዘረገፍኩት። የመቂን ውሃ፣ የአክስትየዋን ጥያቄ፣ የሰዒድን ጥብቅና፣ ከሰሉን፣ ቅጹን፣ የናዝሬቱን ሽማግሌ። ስጨርስ ሀጂ ሙዘይን ትከሻቸው እስኪነቃነቅ ሳቁ። «የልጅቷ ጥርስም እኮ ያው ነው» አሉኝ። «አንዋር ገና ድሮ ነግሮናል፣ የውሃ ነው ብሎ። አክስቱ የጠየቀችው እሱ ሳይነግራት በፊት ነው። ማን ጫት አለዎት?»

ማንም። ማንም አላለኝም ለካ። ነጃት ግን አልሳቀችም። «ሃያ ስድስት ዓመት» አለች፣ ወደ ጥርሴ እየጠቆመች። «ሌላስ የውሸት ነገር አለህ?» ሽማግሌዎቹ እንደገና ሳቁ፣ ዱዓ ተደረገ፣ ሀያት ወጥታ የሁሉንም እጅ ሳመች። ሰጠሁ፤ ደስ ብሎኝ ሰጠሁ።

ሸኝተናቸው ስንመለስ ሀያት ትሪውን ልታነሳ መጣች። አንገቴ ላይ ትጠመጠማለች ብዬ ጠብቄ ነበር። «አባ፣ ለኔ ብለህ ነው?» አለችኝ። ላንቺ ብዬ ነዋ፣ ያን ሁሉ ስቃይ የቻልኩት ላንቺ ብዬ ነው አልኳት ደረቴን ነፍቼ። ትሪውን እንደያዘች ቆመች።

«እኔ ጥርሴን ላስነጣ ብዬ ስጠይቅህ ያልከኝን አምኜህ ነበር» አለችኝ።

ወደ ጓዳ ገባች። ትንሽ ቆይቶ እናቷ የውሸት ጥርሴን ነገር አንስታ ስትቀልድ ሰማሁ፣ ቀጥሎም የሀያትን ሳቅ ሰማሁ። ግን ሳቁ አጠረብኝ። ብቅ ብዬ ሳይ ሀያት አፏን በእጇ መዳፍ ሸፍናለች። ልጄ እንዲህ ስትስቅ በሕይወቴ አይቻት አላውቅም።

ተናደድኩ። መጀመሪያ በዶክተሩ ልናደድ ሞከርኩ፣ አልያዝልኝ አለ። በሰዒድም፣ በአክስትየዋም ሞከርኩ። ግቢ ወጥቼ የተጻፈልኝን ስልክ መታሁ። ያምዎታል ወይ አለኝ ዶክተሩ። አያመኝም፣ ወደ ቀድሞው መልስልኝ አልኩት። አልገባውም። ቡናማ አድርግልኝ፣ እንደ ነበረው አልኩት። ከዚያ ሥራውን ከጀመረ ወዲህ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሰምቶ እንደማያውቅ ነገረኝ። ሻይ ልጠጣ፣ በርበሬ ልብላ፣ ቀይ ስር ልላስ ብዬ ለመንኩት። ያ ሁሉ ከላይ ያቆሽሸዋል እንጂ ያን ቀለም አያመጣውም፣ የርስዎ ቀለም ልጅ ሳሉ ጥርሱ ድድ ውስጥ እያለ የገባ ነው፣ አሁን መቂ ሄደው ጉድጓዱን ቢጨርሱትም አይመለስም አለኝ። ለታካሚ መጀመሪያ የሚነገረው ይሄ አልነበረም ወይ ብዬ ቆጣሁ። ቡናማውን የሚናፍቅ ይኖራል ብሎ የሚያስብ ሐኪም እንደሌለ፣ በጨዋነት፣ ነገረኝ። እውነቱን ነው። የፊቱንም ጥርስ ነጭ እንዳይሠራልኝ ነግሬው ዘጋሁ።

ወደ ጓዳ ተመለስኩ። ሀያት ብቻዋን ብርጭቆ ታጥባለች። በሩ ላይ ቆሜ ይቅርታ አድርጊልኝ አልኳት። ያኔ ያልኩሽ ሁሉ እውነት ነበር፣ ያልቻልኩበት እኔ ነኝ አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ፣ ፈገግታ ሊመጣባት ሲል እርጥብ እጇን ወደ አፏ ወሰደች።

«እጅሽን አውርጂ» አልኳት።

«መጀመሪያ አንተ» አለችኝ።

እኔም ለካ አፌን እንደሸፈንኩ ነው የማናግራት። እጄን አወረድኩና እሷ እስክታወርድ ቆሜ ጠበቅኳት።